የናፍጣ ፒካፕ በጠዋት ብርድ ጉልበት ሲያጣ፦ ችግሩን ደረጃ በደረጃ የመለያ መመሪያ

ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጀምር በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በጋሸና ወይም በጎባ ደጅ ያደረ የናፍጣ ፒካፕ ጠዋት ላይ የሚያሳየውን ጠባይ ሾፌሮች በደንብ ያውቁታል። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እየከበደው ይዞራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፤ ከተነሣ በኋላም ነዳጅ ቢሰጡት አይስብም። ረፋድ ላይ ግን ያው መኪና ጭነቱን ይዞ የጣርማበርን ዳገት ይወጣል። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ባለቤቱ ረፋድ ላይ ጋራዥ ሲደርስ ምልክቱ ሁሉ ጠፍቷል፤ መካኒኩ ፊት የሚቆመው ደህና መኪና ነው። ስለዚህ በግምት ዕቃ መቀየር ይጀመራል። መጀመሪያ ኖዝል (የናፍጣ መርጫው) ይቀየራል፣ ቀጥሎ ፖምፓው (የናፍጣ መግፊያው) ይወርዳል፣ ከዚያ ስለ ሞተር እድሳት ይወራል። በስተመጨረሻ ጥፋቱ አንድ የተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ ወይም ሁለት የተቃጠሉ ካንዴሌታዎች (ከማስነሣት በፊት ሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚያሞቁ ዘንጎች) ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በነጻ ከሚታየው ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል። በአገራችን በብዛት የሚታዩትን ሁለት ዓይነት ፒካፖች ታሳቢ ያደረገ ነው፤ እንደ ቶዮታ ሀይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ያሉትን በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩ የቆዩ ሞተሮች፣ እንዲሁም በኮምፒውተር የሚታዘዙትንና ኮመን ሬል የሚባለው (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት በአንድ የጋራ ቱቦ ይዞ የሚያከፋፍል) የነዳጅ ሥርዓት ያላቸውን አዲሶቹን።

አስቀድሞ ብርድ በናፍጣ ሞተር ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚለኩስ ሻማ የለውም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ በቆዩት የሀይሉክስ ሞተሮች ውስጥ አየሩ ከመጀመሪያ መጠኑ ወደ 22ኛ እጅ ይታመቃል። በዚህ ጊዜ የሚፈጠረው ሙቀት የተረጨውን ናፍጣ ያነድደዋል። ሞተሩ ሌሊቱን በውርጭ ካደረ ግን ቀዝቃዛው ብረት ያንን ሙቀት ወዲያው ይመጠዋል። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ የሚያዞረው ከሆነም አየሩ ሳይግል በፒስተኑ ፋሻ (ቀለበት) በኩል ያመልጣል። ከዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቀዝቃዛና ስስ አየር ውስጥ ናፍጣ ለመቀጣጠል ይዘገያል። ጤነኛ ሞተር ይህን ሁሉ ይችለዋል፤ ትንሽ ጉድለት ያለበት ሞተር ግን በዚያች ሰዓት ይጋለጣል።

1ኛ ደረጃ፦ ሌሊቱን ማሳደርና ጠዋት መታዘብ

መኪናውን ማታ ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ። ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቅረቡ። ከተቻለ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት። የሚመዘገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦

- ቁልፉ ሲከፈት የካንዴሌታው ቢጫ መብራት በርቶ ጠፋ?
- ሞተሪኖው ሲያዞር ፈጣን ነው ወይስ እየከበደው?
- ለመነሣት ስንት ሰከንድ ፈጀ? ተነሥቶ እንደገና ጠፋ?
- የጭሱ ቀለምና ሽታ ምን ይመስላል? ስንት ደቂቃ ቆየ?
- ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡ ያለው አዟዟር) የተስተካከለ ነው ወይስ ሞተሩ እየተናጠ በሦስት ፒስተን ይሠራል?
- መንገድ ከጀመሩ በኋላ ጉልበቱ የተመለሰው የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመነሣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ይህን ሁለት ወይም ሦስት ጠዋት ይድገሙት። በስልክ ቪዲዮ መቅረጽም ጥሩ ነው፤ ድምፁና ጭሱ አብረው ይቀረጻሉና። ጋራዥ የሚወስዱት ከሆነ ደግሞ ማታ ወስደው እዚያው ያሳድሩት፤ መካኒኩ ጠዋት ራሱ ያስነሣው። ለቀዝቃዛ ሞተር ችግር ከዚህ የሚሻል ምርመራ የለም።

ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሆነው አያስነሡ። ጭሱ ይገድላል።

2ኛ ደረጃ፦ ጭሱን ማንበብ

ነጭ ጭስ የናፍጣ ሽታ ኖሮት ዐይን የሚያቃጥል ከሆነ ነዳጁ እየተረጨ ነው፣ ግን አልነደደም። ይህ ወደ ካንዴሌታ፣ ወደ ነዳጅ መስመር፣ ወደ ፖምፓው የአረጫጨት ሰዓት ወይም ወደ መጭመቅ ኃይል ይጠቁማል። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ጭስ ካልጠፋ፣ ሽታው ጣፋጭ ከሆነና የራዲያተሩ ውኃ እየቀነሰ ከሄደ ግን ጉዳዩ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መበላሸት ሊሆን ስለሚችል ይህን መመሪያ እዚህ ላይ አቁመው ወደ መካኒክ ይሂዱ።

ጥቁር ጭስ ነዳጁ በዝቶ አየሩ አነሰ ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮ፣ የቱርቦ ቧንቧ ወይም የጭስ መላሽ ቫልቭ ይጠረጠራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። ጭስ ሳይኖር፣ ሞተሩም ሳይናጥ መኪናው ብቻ ከከበደ ችግሩ ጭራሽ ሞተሩ ላይ ላይሆን ይችላል፤ እሱን ወደ መጨረሻው አካባቢ እናየዋለን።

3ኛ ደረጃ፦ ባትሪ፣ ሞተሪኖና ዘይት

ሞተሪኖው ጠዋት ከብዶት የሚያዞር ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው ከዚህ ይጀምሩ። በርካሽ ቴስተር የባትሪውን ቮልቴጅ ከማስነሣትዎ በፊት ይለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ያህሉ ብቻ ቀርቶታል። ከዚያ ሰው ሞተሩን ሲያስነሣ እያዩ ይለኩ፤ ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በመጠነኛ ፍጥነት ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት፤ ካልታየ አልተርኔተሩ በቂ እየሞላ አይደለም።

ባትሪውን ከመቀየርዎ በፊት ገመዶቹን ይመልከቱ። በባትሪው ራሶች ላይ ያለውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሙቅ ውኃ አጥበው በብሩሽ ይፈግፍጉት፣ ከዚያ አጥብቀው ይሰሩት። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድ አይርሱት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ጭቃና ዘይት ለብሶ ስለሚኖር ግን ማንም አያየውም።

የሞተር ዘይትም በብርድ ይወፍራል። ያረጀ ሞተር ዘይት እንዳይበላ ተብሎ 20ደብሊው-50 ወይም ነጠላ ቁጥር ያለው ወፍራም ዘይት የሚሞላበት ልማድ አለ። ቆላ ለሚሠራ መኪና ችግር ላይሆን ይችላል፤ ውርጭ አገር ለሚያድር ግን የሞተሪኖውን ሥራ ያከብደዋል። በመኪናው መጽሐፍ ላይ ለቀዝቃዛ አካባቢ የተፈቀደውን ይሙሉ፤ ለቆዩት ሞተሮች 15ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-30 የተለመደ ነው። ከ‹ደብሊው› በፊት ያለው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ የበለጠ ይቀጥናል።

4ኛ ደረጃ፦ ካንዴሌታ

በነጭ ጭስና በመንተፋተፍ የሚታወቀው የጠዋት ችግር በቆዩት ሞተሮች ላይ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ናፍጣውን የሚረጩት በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ሳይሆን በቴስታታው ውስጥ ባለ ትንሽ ክፍል ውስጥ ነው። ያ ክፍል ሲቀዘቅዝ ሙቀት ስለሚበላ ያለ ካንዴሌታ ለመነሣት ይቸገራሉ። አዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች በቀጥታ ስለሚረጩ የካንዴሌታ ጥገኝነታቸው አነስተኛ ነው፤ ሆኖም በውርጭ ጊዜ እነሱም ያስፈልጋቸዋል።

አንድ ነገር በደንብ ይታወቅ፤ ቢጫው መብራት መብራቱ ካንዴሌታዎቹ ይሠራሉ ማለት አይደለም። መብራቱ የሚነግርዎ የሰዓት ቆጣሪውን ብቻ ነው። አራቱም ካንዴሌታዎች ተቃጥለው መብራቱ እንደወትሮው ሊበራና ሊጠፋ ይችላል።

መሣሪያ ከማውጣትዎ በፊት ይህን ሙከራ ያድርጉ። ጠዋት ቁልፉን ይክፈቱ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠብቁ፣ ሳያስነሡ ቁልፉን ይዝጉት፤ እንደገና ይክፈቱ፣ መብራቱ ሲጠፋ አሁን ያስነሡ። በዚህ በድርብ ማሞቂያ ሞተሩ ከወትሮው በግልጽ ቀሎት ከተነሣ፣ ሙቀት አንሶታል ማለት ነውና ካንዴሌታዎቹን መመርመር ይገባል። ምንም ልዩነት ካልታየ ወይ ካንዴሌታዎቹ ጨርሶ አይሞቁም ወይ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

ምርመራው እንዲህ ነው። ኮፈኑን ይክፈቱ። በቴስታታው ጎን፣ ከኖዝሎቹ ዝቅ ብሎ፣ አራቱን ካንዴሌታዎች የሚያገናኝ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ በትናንሽ ዳዶዎች ታስሮ ያገኛሉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የቴስተሩን ቀይ ሽቦ በዚህ ዘንግ ላይ፣ ጥቁሩን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው ሰው ቁልፉን ይክፈትልዎ። መብራቱ በበራባቸው ሰከንዶች ቮልቴጅ መታየት አለበት። ምንም ካልታየ ካንዴሌታ አይግዙ፤ ወፍራሙን ፊውዝ፣ ሬሌውን (የኤሌክትሪክ ማብሪያውን)ና ወደ ዘንጉ የሚመጣውን ገመድ ይፈትሹ። ሬሌው ሲይዝ ‹ጠቅ› የሚል ድምፅ ይሰማል።

ቮልቴጅ ካለ ቁልፉን ዘግተው የባትሪውን ማሳ ይፍቱ፣ ዳዶዎቹን ፈትተው ዘንጉን ያንሡ። የዳዶዎቹን ሥር ልብ ብለው ይዩ፤ ጠቁሮ ወይም ተበልቶ ከሆነ እዚያው ላይ ሙቀቱ ሲባክን ኖሯል፤ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱት። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ዝቅተኛው የኦም መለኪያ ያዙሩና እያንዳንዱን ካንዴሌታ ከጫፉ እስከ ሞተሩ ብረት ይለኩ። ደህናው አንድ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። የቴስተሩ ሽቦዎች ራሳቸው ትንሽ ስለሚያሳዩ አስቀድመው ሁለቱን አገናኝተው ያንን ይቀንሱ። ምንም የማያሳየው ተቃጥሏል።

ካንዴሌታን አውጥቶ በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ሲግል ማየት በየጋራዡ የተለመደ ነው። እኔ አልመክረውም። አንዳንድ ካንዴሌታዎች ከ12 ቮልት በታች ለሆነ ኃይል የተሠሩ ስለሆኑ በዚህ ሙከራ ደህናው ራሱ ይቃጠላል። በዚሁ ምክንያት አዲስ ሲገዙ አሮጌውን ይዘው ይሂዱና በላዩ የተጻፈውን ቮልቴጅ ያመሳስሉ፤ ቁመቱና ጥርሱ መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም።

ሲያወጡት ሞተሩ ሞቅ ብሎ ይሁን፤ ከቀናት በፊትም ሥሩ ላይ የዛገ የሚያላቅቅ ዘይት ይንፉበት። ከጠነከረ አያስገድዱት፤ ቴስታታው ውስጥ የተሰበረ ካንዴሌታ ማውጣት ከሌላው ሥራ ሁሉ የከበደ ነው። አንዱ ተቃጥሎ ከተገኘ አራቱንም መቀየር ይሻላል፤ ሌሎቹም ዕድሜያቸው አንድ ነውና። ሲያስገቡ በእጅ አጥብቀው በመጠኑ ይሰሩ፤ ብዙ ጉልበት አይፈልግም።

5ኛ ደረጃ፦ የነዳጅ መስመር

ምልክቱ ይህ ከሆነ ወደዚህ ክፍል ይለፉ፦ ሞተሩ ጠዋት ወዲያው ይነሣል፣ ጥቂት ሰከንዶች በደህና ይሠራል፣ ከዚያ ይንተፋተፍና ይጠፋል፤ በድጋሚ ለማስነሣት ረጅም ጊዜ ማዞር ይጠይቃል። ይህ አየር ነው። ሌሊት በአንድ ስንጥቅ በኩል አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ተመልሷል። መጀመሪያ የሠራው ፖምፓው ውስጥ በቀረው ነዳጅ ነው።

ለማረጋገጥ አንድ ማታ መኪናውን አፍንጫው ወደ ቁልቁለት እንዲያይ አድርገው ያሳድሩት፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ። እንዲህ ሲሆን ሰልባትዮው ከሞተሩ ከፍ ስለሚል ነዳጁ ወደ ኋላ አይመለስም። ጠዋት በደህና ከተነሣ ፍርዱ ተሰጥቷል። በማግስቱ ሽቅብ አድርገው አሳድረው ችግሩ ከባሰ ደግሞ ምንም ጥርጥር የለም።

ሌላው መንገድ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፕ ነው፤ መኪናዎ ካለው። ጠዋት ከማስነሣትዎ በፊት ይጫኑት። ጥቂት ጊዜ ተጭነውት ከጠነከረ መስመሩ ሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ ተጭኖም ለስላሳ ከሆነ አየር አለ። ከጠነከረ በኋላ ሞተሩ በአንድ ማዞር ከተነሣ ጥፋቱን አግኝተዋል፤ የቀረው ቀዳዳውን መፈለግ ነው።

የት ይፈለጋል? ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የምትሄደውን ጎማ ጫፏ ላይ፣ ፋሸታው (ማሰሪያ ቀለበቱ) በሚያስርበት ቦታ፣ በጣትዎ ጎንበስ አድርገው ይዩ። በቀጥታ ሲያዩዋት ደህና የምትመስል ጎማ ስትታጠፍ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ታወጣለች። በብርድ ጎማ ይደርቃል፣ ፋሸታው ላይ ይላላል፤ ሞተሩ ሲሞቅ እንደገና ይለሰልስና ይገጥማል። ችግሩ ረፋድ ላይ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። አየር የሚስብ ስንጥቅ ሁልጊዜ ናፍጣ አያንጠባጥብም፤ አቧራ የተጣበቀበት እርጥብ ቀለበት ብቻ ሊያሳይ ይችላል። የፊልትሮው ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው)፣ የውኃ ጠቋሚው ሴንሰር መግጠሚያ፣ የእጅ ፖምፑ ራሱና የኖዝሎች መመለሻ ቀጫጭን ጎማዎችም በዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። በሜካኒካል ፖምፓ ላይ፣ በፖምፓውና በፊልትሮው መካከል ናፍጣ የሚችል ግልጽ ጎማ ለጊዜው ቢያስገቡ አረፋዎቹን በዐይንዎ ያያሉ። አረፋ ከታየ ግልጹን ጎማ ወደ ፊልትሮው መግቢያ በኩል ያዛውሩ፤ እዚያ ካልታየ ቀዳዳው ፊልትሮው ላይ ነው፣ ከታየ ደግሞ ወደ ሰልባትዮው በኩል ነው።

ቀጥሎ ውኃ። ግልጽ ጠርሙስ ከፊልትሮው ሥር አድርገው ማፍሰሻውን ያላሉና የእጅ ፖምፑን ይጫኑ። ጠርሙሱን ጥቂት ያሳርፉት፤ ውኃ ካለ ከታች ይለያል። ግማሽ የሆነ ሰልባትዮ በቀዝቃዛ ሌሊት ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ስለዚህ በብርድ ወራት ማታ ሞልቶ ማሳደር ጥሩ ልማድ ነው። ናፍጣ ጠፍቶ ከበርሜል ወይም ከጀሪካን የገዙ ከሆነ ደግሞ ውኃና ቆሻሻ አብሮ እንደገባ ይቁጠሩትና ፊልትሮውን ቶሎ ይቀይሩ። በአቧራ መንገድና በበርሜል ነዳጅ ለሚሠራ መኪና በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየርን እመርጣለሁ፤ የፊልትሮ ዋጋ ከፖምፓ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ ክረምት ናፍጣ ውስጥ ያለው ሰም ረግቶ ፊልትሮ ይደፍናል፤ በዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ለክረምት የተዘጋጀውን ናፍጣ መሙላት ይኖርባችኋል። በእኛ ደጋ ውርጩ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ ጥቂት ዲግሪ ዝቅ የሚል ስለሆነ ከሰሙ በፊት የሚጠረጠረው ፊልትሮው ውስጥ የሚቀዘቅዘው ውኃ ነው። ስለዚህ ‹ናፍጣው እንዳይረጋ› በሚል ላምባ መቀላቀል አያስፈልግም። ላምባ ከናፍጣ ያነሰ ቅባትነት ስላለው ፖምፓውንና ኢንጄክተሮቹን (ኖዝሎቹን) ይፈጫል፤ በኮመን ሬል መኪና ላይ ጉዳቱ እጅግ ውድ ነው።

6ኛ ደረጃ፦ አየር

ጥቁር ጭስ ካለ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ ብርሃን ካላሳለፈ ይቀይሩት። ቱርቦ ካለው ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን ማኒኮቶ (ወፍራሙን የጎማ ቧንቧ) በዘይት የረጠበ ቦታ እንዳለው ይዩ፣ ፋሸታዎቹን ያጥብቁ። የጭስ መላሹ ቫልቭ በጥላሸት ተይዞ ክፍት ከቀረ ሞተሩ የራሱን ጭስ እየተነፈሰ ይደክማል፤ አውጥቶ ማጽዳት በቂ ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ቴርሞስታት

ይህን ክፍል በተለይ እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። መኪና ሙቀት ሲያበዛ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በአገራችን እንደ ጥገና ይቆጠራል። በቆላ ለተወሰነ ጊዜ ሞተሩን ያቀዘቅዘው ይሆናል። ደጋ ላይ ግን ውኃው ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ውስጥ ስለሚዞር ሞተሩ ሊሞቅ ወደሚገባው ደረጃ አይደርስም ወይም እጅግ ዘግይቶ ይደርሳል። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱ በነዳጅ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩ ይበላል፣ ጉልበቱም አይመጣም። አዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና አልሞቀም ብሎ ስለሚያምን አረጫጨቱን እንደ ቀዝቃዛ ሞተር እየመጠነ ይቀጥላል።

ለመፈተሽ ጠዋት ካስነሡ በኋላ የራዲያተሩን የላይኛውን ማኒኮቶ በእጅዎ እየዳሰሱ ይጠብቁ፤ ከቬንትሌተሩና ከቺንጋው (ከቀበቶው) ይጠንቀቁ። ጤነኛ ቴርሞስታት ካለ ጎማው ለረጅም ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ሞተሩ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ይግላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ በቀስ ለብ እያለ ከሄደ ቴርሞስታቱ ክፍት ቀርቷል ወይም ጭራሽ የለም።

ያወጡትን ቴርሞስታት በድስት ውኃ ውስጥ በክር አንጠልጥለው ውኃውን ያሙቁ። በላዩ በተጻፈው ዲግሪ አካባቢ፣ ብዙውን ጊዜ 80 ገደማ፣ መከፈት ሊጀምር ይገባል። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም ለዚህ ሙከራ ይበቃል። ቀዝቃዛ ሆኖ ክፍት የሆነውን ይጣሉት። የራዲያተር ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ በፍጹም አይክፈቱ።

በዚያው አጋጣሚ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውኃ ከሆነ አፍስሰው ፀረ-በረዶ ፈሳሽ ከውኃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለው ይሙሉ። በውርጭ በረዶ የሆነ ውኃ ራዲያተር ይሰነጥቃል።

8ኛ ደረጃ፦ ጠዋት ‹የሚሠራ› ግን የማይስብ መኪና

ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ደህና ከሆነ፣ ጭስም ከሌለው፣ ደልዳላ ቦታ ላይ ማርሹን ነጻ አድርገው ፍሬኑን ይልቀቁና መኪናውን ይግፉት። በብርድ የያዘ የእጅ ፍሬን ገመድ ወይም የዛገ ፒንሳ (የፍሬን መያዣ) ጎማውን እየያዘው ሊሆን ይችላል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ እሱ ነው። የካምቢዮና (የማርሽ ሳጥኑና) የዲፈረንሻል ዘይትም በብርድ ስለሚወፍር የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ቢል አይገርምም፤ በመጽሐፉ የተፈቀደ እንደሆነ 75ደብሊው-90 የሚባለው ዘይት ይህን ያቀልለታል።

9ኛ ደረጃ፦ ለመካኒክ የሚተው

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ከሆነ ቀሪው ሥራ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋል፤ እርስዎ ግን ምን እንደሚጠይቁ ይወቁ።

ሞተሩ ጠዋት በሦስት ፒስተን የሚሠራ ከሆነ የትኛው እንደሰነፈ አስቀድመው ሊያውቁ ይችላሉ። እንዳስነሡት በጭስ ማውጫው መሰብሰቢያ አራት ክንዶች ላይ የውኃ ጠብታ ያንጠባጥቡ። የሚነድዱት ክንዶች ጠብታዋን ወዲያው ያተንኗታል፤ ጠብታዋ የምትቆይበት ክንድ ሲሊንደሩ አልነደደም። በዚያ ሲሊንደር ላይ ካንዴሌታው ደህና ከሆነ ኖዝሉና የመጭመቅ ኃይሉ ይመርመር።

የመጭመቅ ኃይል ሲለካ በቆዩት የቶዮታ ኤል ሞተሮች ላይ ከ20 ባር በታች መውረድ ወይም በሲሊንደሮች መካከል ከ5 ባር በላይ ልዩነት መኖር ሞተሩ መበላቱን ይነግራል። ቁጥሮቹን በወረቀት ይቀበሉ፤ ‹ሞተሩ ደክሟል› የሚል ቃል ብቻ ሰምተው ሞተር አያስወርዱ። ከዚያ በፊትም የቫልቮላዎቹ ክፍተት ይለካ፤ የጠበበ ቫልቮላ የደከመ ሞተር ያስመስላልና። በሜካኒካል ፖምፓዎች ላይ የአረጫጨት ሰዓቱና ሞተሩ እስኪሞቅ አረጫጨቱን የሚያስቀድመው፣ በራዲያተር ውኃ የሚሞቀው መሣሪያ መሥራቱ ይታይ።

ኮመን ሬል ከሆነ በኮምፒውተር ይመርመር፤ የውኃው ሙቀት ሴንሰር ጠዋት የሚያሳየው ከአየሩ ሙቀት ጋር ሊቀራረብ ይገባል። ሌሊቱን በውርጭ ያደረ ሞተር 60 ዲግሪ ነኝ ካለ ሴንሰሩ ዋሽቷል፤ ኮምፒውተሩም ካንዴሌታውን አይጠራም። በማስነሻ ጊዜ ያለው የሬል ግፊት፣ ወደ ፖምፓው የሚገባውን ነዳጅ የሚቆጣጠረው ቫልቭና የኢንጄክተሮቹ መመለሻ መጠን ይለካ። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ስለሚደርስ ሞተሩ እየሠራ የኢንጄክተር ቱቦ ማላላት ሰው ይገድላል።

እስኪጠገን ድረስ ጠዋት ጠዋት

ማታ አፍንጫውን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ነፋስ አድርገው ያቁሙት። ጠዋት መብራት፣ ሬዲዮና ማሞቂያ ይዝጉ። ካንዴሌታውን ሁለት ጊዜ ያሙቁ። ፍሪሲዮን ረግጠው ያስነሡ፤ ሞተሪኖው የካምቢዮውን ወፍራም ዘይት አብሮ ከማዞር ይድናል። ከ15 ሰከንድ በላይ አያዙሩ፤ ካልተነሣ አንድ ደቂቃ ያሳርፉት። ከተነሣ በኋላ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ ያህል ዘይቱ እስኪዳረስ ይጠብቁና በዝግታ መንዳት ይጀምሩ፤ መርፌው እስኪነሣ ድረስ ነዳጅ አያብዙ። ቆሞ ለረጅም ጊዜ ከማሞቅ ይልቅ በዝግታ እየነዱ ማሞቅ ሞተሩን ቶሎ ያነቃዋል።

ከሞተሩ ሥር እሳት አያንድዱ። የነዳጅ ጎማና የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርብ አለ፤ መኪና የተቃጠለበትም ሰው የተጎዳበትም መንገድ ነው። ቤንዚን ወይም የማስነሻ ስፕሬይ በአየር ፊልትሮው በኩል አይንፉ፤ የጋለ ካንዴሌታ ያለበት ሞተር ውስጥ ፈንድቶ ፒስተን ይሰብራል። በግፊ ማስነሣትም ቢሆን ቫልቮላዎቹን ቺንጋ በሚያንቀሳቅስበት ሞተር ላይ ቺንጋውን ሊያዘልለው ስለሚችል ከዚህ ይልቅ ከሌላ መኪና ባትሪ በወፍራም ገመድ መበደር ይሻላል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ የነዳጅ መስመር ተነክቶ ከሆነ አየሩን አስወጥተው፣ ሞተሩን አስነሥተው፣ ሁሉንም መግጠሚያ በደረቅ ወረቀት ይጥረጉ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ፋሸታው እንደገና ይጠበቅ። ከዚያ መኪናውን ያሳድሩና በ1ኛው ደረጃ የመዘገቡትን ያንኑ ዝርዝር በቀጣዩ ጠዋት እንደገና ይሙሉ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ሲያነቡ ከችግሩ የቀረ ነገር ካለ የት እንዳለ ያሳዩዎታል።